ይበቃል ሳንላት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ስትሰሙኝ «ይቺም ከነዚያ አንዷ ናት» እንዳትሉኝ ነው። አባቴ ቁርኣን ያስቀሩ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ጂን እንዳለ ቁርኣኑ ይናገራል፣ እሱን አልክድም፣ ጎረቤቶቼ ግን ጥላ አየን፣ ኮቴ ሰማን ሲሉ «ራት ሳትበሉ ተኝታችሁ ነው» እያልኩ የምስቅ ሴት ነበርኩ። ዛሬም የሚጎዳም የሚጠቅምም አላህ ብቻ ነው እላለሁ። ያየሁትን አላየሁም ብል ደግሞ ውሸት ነው፣ ውሸት ሐራም ነው፣ እንግዲህ ምን ላድርግ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። እኔና ባለቤቴ ሰይድ ከከሚሴ ተነስተን፣ የጅቡቲን በረሃ በእግር አቋርጠን፣ ከባሕሩ ማዶ ወደ ሳዑዲ ልንሻገር ወጣን። ያን ጊዜ ከኛ ሰፈር ያልሄደ አልነበረም ማለት ይቻላል፣ ለመሄድ የሚያበቃ ችግርም ነበረን፣ እሱን እዚህ አላበዛውም። ልጃችን ጦይባ ሦስት ዓመቷ ነበር። ለእናቴ ትተናት ሄድን። እናቴን አዮ ነው የምንላት። ዳሌዋን ያማት ስለነበር ግራ እግሯን ትጎትታለች፣ ስትሄድ ኮንጎ ጫማዋ ሸርር ይልና ቆም፣ ሸርር ይልና ቆም ይላል። ይህን ድምፅ ያዙልኝ።

በኛ አገር ሰው ሲሄድ ከደጃፍ አይመለሱለትም፣ ይሸኙታል። ሸኚው የሚመለሰው ተሸኚው ቆሞ፣ ዞር ብሎ፣ «ይበቃል፣ ተመለስ» ሲለው ነው፣ በኦሮምኛው «ጋአ፣ ዴቢኢ» እንላለን። ያ ካልተባለ ሸኚው ይከተላል። ተሸኚው ወሬ ይዞት ረስቶ፣ ሸኚው እስከ ሁለተኛው መንደር ድረስ እየተከተለ የሄደበትን ሳይቀር አውቃለሁ፣ ሲሳቅበት ነው የኖረው።

እኛን አዮ ከሱብሂ በኋላ እስከ አስፋልቱ ሸኘችን። ጦይባን እንደተኛች ለጎረቤታችን ለዘይነባ አደራ ብላ ነው የወጣችው። ገና ሳንሳሳም መኪና መጣና ረዳቱ በሩን እየደበደበ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ ሁለት ሰው! ፍጠኑ እንጂ፣ ሰርግ አደረጋችሁት እኮ!» አለ፣ ሮጠን ገባን። በኋላው መስታወት ሳይ አዮ በአስፋልቱ ዳር እየተከተለችን ነው፣ ሸርር፣ ቆም፣ ሸርር፣ ቆም።

«ይበቃል አላልናትም» አልኩት ሰይድን።

«መኪና ማን ይከተላል? ትመለሳለች።»

እኔም ትመለሳለች አልኩ።

በባቲ አድርገን ወረድን፣ ድንበር ላይ ሁለት ቀን ጠበቅን፣ ከዚያ ደላላው ለአንድ አፋር መንገድ መሪ አስረከበንና እግራችንን ጀመርን። መሪውን ሳንቆጥር ሰባት ነበርን፣ ሴት እኔ ብቻ። ያ አገር ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ የተቃጠለ ነው የሚመስለው፣ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ከሱብሂ እስከ ረፋድ እንሄዳለን፣ ቀትር ላይ አለት ሥር እንጋደማለን፣ ከአስር በኋላ ደግሞ እስከ ማታ። ሰይድ ከፊቴ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ።

ከኛ ጋር እንድሪስ የሚባል የሰንበቴ ሰው ነበር። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ በሬ ሲነግድ የኖረ ነው፣ የበሬ መንጃ በትሩን እንኳ ከእጁ አልጣለም፣ ሲሄድ ድንጋዩን ጠቅ፣ ጠቅ ያደርግበታል። እሱ ባይኖር ያን መንገድ አንችለውም ነበር፣ ሲያስቀን ነው የዋለው።

«ሰይዴ» ይለዋል ባለቤቴን፣ «ሰው ሚስቱን ይዞ ሐጅ ይሄዳል እንጂ ለቀን ሥራ ይሄዳል እንዴ? ወይስ ብቻህን ብትሄድ ሌላ ታገባለህ ብላ ነው?»

«አንተስ በትሩን ለማን ነው የያዝከው? እዚያ በሬ አይጠብቅህም።»

«አንተን ልነዳበት!»

በሁለተኛው ቀን ነው የሰማሁት። ከኋላዬ ሸርር አለ። ድንጋይ ተንሸራቶ ነው አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሸርር፣ ቆም። እኔ ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይሄዳል። ዞር ብል ምንም የለም፣ ሙቀቱ ብቻ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል።

«የጦይባ አባት፣ ከኋላችን የቀረ ሰው አለ?»

«የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ፣ ማን ይቀራል?» አለኝ።

ከቁርኣኑ አያተል ኩርሲን እየቀራሁ ሄድኩ። ልቤ ግን አልተቀመጠም፣ ምኑ እንዳስጨነቀኝ አላወቅሁትም፣ ስተኛም ስነሳም የጦይባ ነገር ነው የሚመጣብኝ፣ በልታ ይሆን፣ ሌሊት ስትነቃ ማን አቅፏት ይሆን እያልኩ።

በአራተኛው ቀን እንድሪስ ታመመ። ሆዱን ነው። ቀትር ሲበርድ ተነሱ ስንባል እሱ መነሳት አልቻለም። መሪው በእጁ ወደ ፊት አሳየን፣ ውሃው ያለበት ሳንደርስ ከመሸ ሁላችንም እናልቃለን አለ። አራቱ ሰዎች ሄዱ። እኔና ሰይድ ቀረን። ሰይድ በሃይላንዳችን ውስጥ የቀረችውን ውሃ አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በክዳኑ ቀድቶ አንድ ጉንጭ ሰጠው።

«ሂዱ፣ ሂዱ» አለ እንድሪስ። «ትንሽ ሰብሰብ ልበልና እደርስባችኋለሁ። በሬ እንኳ ሲደክመው ይተኛል።»

«ተከተለን» አለው ሰይድ። «ከፊት እንጠብቅሃለን።»

አልጠበቅነውም። የሰይድን እጅጌ ይዤ የጎተትኩት እኔ ነኝ። ይህን ከአላህ አልደብቀውም፣ ከናንተም አልደብቀውም።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። አስር አልፏል፣ ፀሐይ ግን ገና ብሩህ ናት። ሌሊት ቢሆን ጨለማው ነው ብዬ ራሴን በዋሸሁ፣ ሌሊት አልነበረም። ሸርርታው ከጠዋት ጀምሮ አልተለየኝም፣ እንደውም ቀርቧል፣ ከትከሻዬ ኋላ እስኪመስለኝ ድረስ። ሰይድም እየቆመ ያዳምጣል።

«ሰማህ?»

«ምኑን?» አለኝ፣ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

ያን ጊዜ ዞርኩ። ወላሂ ነው የምላችሁ፣ እዚህና እዚያ የሚሆን ቦታ ላይ፣ ከመስጊድ እስከ ግቢው በር ያህል ርቀት፣ አዮ ቆማለች። አረንጓዴ ሻሿን አስራለች። ስትሸኘን የለበሰችውን ነው የለበሰችው። ጥላ የላትም ወይ ጭስ ናት አልላችሁም፣ ጥላዋ ከድንጋዩ ላይ ተጋድሟል፣ የእግሯ ጣት አቧራ ለብሷል። አትጠራኝም፣ አትቀርበኝም፣ እንደ ሸኚ ነው የቆመችው፣ ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም። ናፍቆት ነው። ልሮጥላት ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ልቤን እንደ ቢላ ሰነጠቀው።

«አዮ ናት» አልኩ።

«ዝም በይ፣ ሂጂ።»

«አዮ ናት እልሃለሁ! እሷ እዚህ ካለች ጦይባ ከማን ጋር ናት?»

መሪው ከፊት ያፏጫል፣ ፍጠኑ ነው። እኔ ግን የመኪናው ነገር ትዝ አለኝ፣ ያላልነው ቃል። ቆምኩ፣ ሙሉ ለሙሉ ዞርኩ፣ እንደ ወጉ።

«አዮ፣ ጋአ፣ ዴቢኢ! ይበቃል፣ ተመለሽ! ልጄ ብቻዋን ናት፣ ተመለሽልኝ!»

ሰማችኝ። ሁልጊዜ እንደምታደርገው እጇን ዳሌዋ ላይ አደረገች፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ዞራ ሄደች። ሸርር፣ ቆም። ሸርር፣ ቆም። ከአንድ ጥቁር አለት ኋላ ገባችና ድምፁም ቀረ። ሰይድን ሳየው የሱ ዓይን አዮ የገባችበት ላይ አልነበረም። ከዚያ ራቅ ብሎ ወደ ግራ ነበር። እጄን ያዘና እየጎተተ ወሰደኝ፣ እስኪመሽ አንዴም አልዞረም።

ባሕሩ ጋ ደረስን እንጂ አልተሻገርንም። ዳርቻው ላይ ተይዘን በጭነት መኪና ወደ ድንበር ተመለስን። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ዛሬ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

ከሚሴ ስንገባ ጦይባ ከደጅ አፈር ትጫወት ነበር፣ ደህና ናት፣ ወፍራለች። አዮ ከስታለች። የሆነውን የነገረችን ዘይነባ ናት።

«እናንተን ልትሸኝ ሄዳ ሳትመለስ ዋለች። ከቀትር በኋላ ባለጋሪ ነው ከሐርቡ መንገድ ዳር አንስቶ ያመጣት። ተኛች። ተኛች ስላችሁ ዓይኗ ተገልጦ ነው። ብንጠራት አትሰማም፣ ውሃ በማንኪያ ነው ከንፈሯ ላይ ስናደርግ የነበረው። ልጅቷን እኔ ቤት ወሰድኳት። የእናትሽ እግር ግን፣ አንቺ ሙች ሀዋ፣ ከአንሶላው ሥር ሲሄድ ይውላል። ሐሙስ አስር ላይ ብድግ አለች። ‹መለሰችኝ› አለች። ‹ጦይባ የት አለች?› ብላ ተነስታ ወጣች።»

እኔ አዮን አልጠየቅኋትም፣ ምን ብዬ እጠይቃለሁ። ራሷ ናት በማታው፣ ጦይባን አቅፋ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጋ ያነሳችው።

«ያ ሰውዬስ ደረሰ?»

«የቱ ሰውዬ፣ አዮ?»

«ያ በትር የያዘው። የኋለኛው ቀን ከኔ ጋር ሲሄድ የነበረው። ውሃ ይለምነኛል፣ ምን ይዤ ልስጠው። እኔን ተመለሽ ስትይኝ እሱን ምነው ሳትሉት ቀራችሁ?»

ሰይድ ተነስቶ ወጣ። ስለ እንድሪስ ለማንም አልተነፈስንም ነበር፣ ለዘይነባም፣ ለአዮም።

ተከትዬው ወጣሁ። ከአጥሩ ጋ ተደግፎ ቆሟል።

«ሁለት ነበሩ» አለኝ። «አንቺ እናትሽን ብቻ ነው ያየሽው። እኔ እናትሽን በደንብ አላየኋትም፣ እሱን ነው ያየሁት። በትሩን እሰማለሁ። እስካሁን እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ ተመለስ በለዋ!»

«‹ተከተለን› ያልኩት እኔ አይደለሁም? በየት አፌ?»

ለእንድሪስ ምን ብለን ዱዓ እንደምናደርግ ግራ ገባን። አላህ ይዘንለት እንዳንል ሞቱን አላየንም፣ አላህ ያምጣው እንዳንል ፈራን።

በሳምንቱ ሰይድ ሰንበቴ እንሂድ አለ፣ ለቤተሰቡ እንንገር። መኪና እያለ በእግር ነው አለ፣ ለምን አላልኩትም፣ ገብቶኛል። ጨፋ ሮቢት አድረን በማግስቱ ደረስን። መንገዱን ሙሉ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ቀስ ብለን፣ እንደሚከተለን ሰው አቅም። ለበሬ ነጋዴዎቹ የእንድሪስን ስም ብንጠራ ቤቱን አሳዩን።

ሚስቱ ቀጠን ያለች፣ ጠይም ሴት ናት። ሰይድ ሳይቀመጥ ነገራት፣ አንድም አልደበቀም። ጥለነው ሄድን አላት። እጅጌውን የጎተትኩት እኔ ነኝ አልኳት።

«ውሃ ነበረው?» አለች።

«አንድ ጉንጭ ሰጠሁት» አለ ሰይድ።

እንድትረግመን ጠብቄ ነበር። «መንገደኛ ናችሁ፣ ቅመሱ» ብላ ንፍሮ አቀረበችልን። ስንነሳ ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች፣ ልትሸኘን። ሰይድ አይሆንም ብሎ ለመናት፣ እሷ ግን እስከ አስፋልቱ ተከተለችን። እዚያ ሰይድ ቆመ፣ ዞረ።

«ይበቃል» አለ። «ተመለሱ። ሁላችሁም ተመለሱ።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ዞረች። ያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔም ሰማሁት። ጠቅ። ድንጋይ ላይ። አንዴ ብቻ።

ከሷ ጋር ይሂድ ከኛ ጋር ይምጣ አላወቅንም። ሁለታችንም አልዞርንም።

ይኸው ስንት ዓመት ሆነው። አዮ በሰላም አልጋዋ ላይ ሞተች፣ ጦይባ አደገች፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት ልጆች አላህ ሰጥቶናል፣ የጎደለን የለም፣ አልሐምዱሊላህ። እንግዳ ሆኜ ስሄድ ማንም ከደጃፉ እንዲያልፍልኝ አልፈቅድም፣ ይበቃል ተመለሱ እላለሁ፣ ሰው ኩራት ይመስለዋል።

ሰይድ ግን ውሃውን ጠጥቶ ጨርሶ አያውቅም። በሃይላንዱ ሥር አንድ ጉንጭ ያህል ያስቀርና ማታ ከበሩ ውጭ፣ ድንጋዩ ላይ ያቆመዋል። ጠዋት ቀድሞኝ ተነስቶ የሚያነሳው እሱ ነው። ውሃው ይኑርበት አይኑርበት ጠይቄው አላውቅም።