ሁለቱ ብልቃጦች

«ማንም ምንም እንዳይነካ! ትራፊክ ሳይመጣ ሞተሯ ንቅንቅ እንዳትል!»

የሚጮኸው የመታጠፊያው ጋዜጣ አዟሪ ነው። ልጅቷ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መዳፏን ታያለች፤ ተልጧል እንጂ አይደማም። ከፊቷ የአባቷ ሞተር በጎኗ ተኝታለች፤ የኋላ ጎማዋ ግን መሽከርከሩን ገና አላቆመም። ነጩ መኪና ከመታጠፊያው አፍንጫውን አስግጎ ቆሟል። አንደኛው የፊት መብራቱ ረግፏል።

አባቷ እያነከሰ መጥቶ ከፊቷ ተንበረከከ።

«እማ፣ ምንሽን ነው?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«አንገትሽን አዙሪው እስቲ። ወዲህ። ወዲያ። ተመስገን!» ከዚያ ፊቱ ድንገት ተለወጠ። «ሳጥኑስ?»

አባቷ ሞተረኛ ነው። በየማለዳው ከሦስት ትንንሽ ክሊኒኮች የደም ናሙና እየሰበሰበ ወደ ትልቁ ላብራቶሪ ያደርሳል። ናሙናው በረዶ በተደረገበት ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከኋላ ኮርቻ ላይ ይታሰራል፤ እዚያ ቦታ ላይ ሰው አይጫንም፣ ክልክል ነው። ዛሬ ግን እሷን እንቅልፍ ጣላት፤ አባቷ ናሙናውን ሰብስቦ በቤታቸው በኩል ሲያልፍ ገና መውጣቷ ነበር። የሒሳብ ፈተናው ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል። አባቷ ወዲያ ወዲህ አየና ሳጥኑን ፈትቶ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠላት፤ «እንደ ሕፃን ያዢልኝ» አላት። ነጩ መኪና ከጎን ብቅ ሲል ግን ልጅቷ ሕፃኑን ጥላ አባቷን ያዘች።

መልስ ሳትሰጠው ባለመኪናው ወረደ። ከረባት ያሰረ፣ ወፍራም ሰውዬ ነው።

«ወንድሜ፣ ከሰማይ ነው እንዴ የወረድከው?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ፍሬቻ ሳያሳዩ የወጡት!»

«ፍሬቻማ አሳይቻለሁ!»

«ለማን? ለእግዜር?»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ጋዜጣ አዟሪው ጋዜጦቹን ብብቱ ሥር ወትፎ መሀል ገባ። «ጠብ የለም! በዚህ መታጠፊያ ስንቱን ዳኝቼ ሸኝቻለሁ። መጀመሪያ ፎቶ! ታርጋውን፣ መብራቱን፣ የጎማውን ምልክት። ከዚያ ስልክ ተለዋወጡ። ከዚያ ትራፊኩን መጠበቅ ነው።» ሁለቱም እንዳላቸው አደረጉ። ሰው ሁሉ ሞተሩንና መኪናውን ከብቦ ጀርባውን ለእሷ ሰጠ።

ሳጥኑ ከውኃ መውረጃው አጠገብ ክዳኑን ከፍቶ ተጋድሟል። ሦስት ብልቃጦች ወጥተው አስፋልቱ ላይ ተንከባልለዋል። እየተሯሯጠች ሰበሰበቻቸው። ፕላስቲክ ስለሆኑ አንዱም አልተሰበረም። እፎይ ልትል ስትል ግን ሁለቱ ራቁታቸውን እንደሆኑ አየች።

የመጨረሻው ክሊኒክ ማተሚያ ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ነርሷ የታካሚውን ቁጥር በእስክሪብቶ ነጭ ፕላስተር ላይ እየጻፈች ነው የምትለጥፈው፤ ፕላስተር ደግሞ በረዶ ባረጠበው ነገር ላይ አይረጋም። ሁለቱ ቁራጮች ሳጥኑ ግርጌ ተሸብልለው አገኘቻቸው። አንዱ ላይ «41፣ ሴት፣ 9 ዓመት» ይላል። ሌላው ላይ «46፣ ወንድ፣ 62 ዓመት»። ብልቃጦቹን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገቻቸው። ሁለቱም ክዳናቸው ቀይ ነው፣ ደማቸውም እኩል ነው። የልጅ ደም የቱ ነው? የሽማግሌ ደም የቱ ነው?

ትራፊኩ መጣ። ደብተሩን ገለጠ።

«የተጎዳ ሰው?»

«የለም» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«የተበላሸ ዕቃ?»

«መብራቴ» አለ ባለ ከረባቱ።

አባቷ ወደ እሷ ዞረ። እንዲህ ያለ ዓይን አይታበት አታውቅም፤ አባት ልጁን ሲለምን ያለው ዓይን። «ሳጥኑ ደህና ነው አይደል፣ እማ?»

ጣቶቿ ፕላስተሮቹን በደረቀ የቀሚሷ ጫፍ ጠርገው አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ብልቃጥ ላይ በግምት ለጥፈው ነበር።

«ደህና ነው» አለች።

በፈተናው ሰዓት ጥያቄዎቹን አንብባ መልሱን ማጥቆር እንጂ ማሰብ አልቻለችም። ዘጠኝ የሚል ቁጥር ባየች ቁጥር እርሳሷ ይቆማል። ስትወጣ ጓደኛዋ በር ላይ ጠበቀቻት። ተማሪው ይህችን ጓደኛዋን «ሬዲዮ» ይላታል፣ እሷን ደግሞ «ጭምቷ»።

«ምን ሆነሽ ነው? ወረቀት መስለሻል እኮ።»

ጭምቷ ነገረቻት። እንዲህ ብዙ ቃል ባንድ ጊዜ ተናግራ አታውቅም።

«ኧረ አታካብጂ!» አለች ሬዲዮ። «አሁን ከአራት ምርጫ እየገመትሽ አይደል የወጣሽው? ይሄ እኮ ከሁለት አንድ ነው!»

«እዚያ ብሳሳት የምወድቀው እኔ ነኝ።»

ሬዲዮ ስልኳን አወጣች። «ደውዪላቸው» አለች። «ስም የለ፣ ምን የለ። ብቻ 'ተቀያይረው ሊሆን ይችላል' በይና ዝጊው።»

የላብራቶሪውን ቁጥር አባቷ «ካጣሽኝ እዚህ ጠይቂ» ብሎ ደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፎላታል። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅ የደከመ ነው።

«አርባ አንድና አርባ ስድስት? እህቴ፣ ዛሬ ጠዋት ብቻ ሃያ ሰባት ሳጥን ገብቷል። አርባ አንድ በየክሊኒኩ አለ። የትኛው ክሊኒክ ነው? ያመጣውስ የትኛው ሞተረኛ ነው?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ክሊኒኩን መናገር አባቷን መናገር ነው፤ ወደዚያ ክሊኒክ ከእሱ ሌላ የሚሄድ የለም።

«ሄሎ? ውጤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ከወጣ በኋላ እንዳትመጪብኝ! ሄሎ?»

ስልኩን ዘጋችው።

የቀሩትን ክፍለ ጊዜያት ጨርሳ ቤት ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። እናቷ ከሥራ አልተመለሰችም። አባቷ ጉልበቱ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጎ፣ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።

«ነይ የኔ ጀግና! ፈተናውስ?»

«ጨረስኩ።»

«ባለ ከረባቱ ደወለልኝ። 'ጉልበትህ እንዴት አደረገህ' ይላል። አየሽ፣ ሰው በመኪናው አይለካም።» ሊስቅ ሞከረ። «ላብራቶሪ ስገባ ግን ልቤ ቆማ ነበር። መስኮት ሁለት ያለችው ሴት የሳጥኑን ጎን አየችና 'ወድቋል እንዴ?' አለችኝ። 'ኧረ የድሮ ጭረት ነው' አልኳት። ቢሆንም ደረሰ። ነርሷ ናሙናውን ስትሰጠኝ ምን አለችኝ መሰለሽ? አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ኮሪደር ላይ ነው ያደረችው አለችኝ። ልጅቷ ሆስፒታል ትተኛ ወይ ቤቷ ትሂድ፣ የዛሬው ውጤት ነው የሚወስነው።»

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ዘጠኝ ነው መሰለኝ ያለችኝ። ምነው?»

ነገረችው። ቆማ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ዓይኗን ፎጣው ላይ ተክላ ነገረችው። ሲያቋርጣት ትንሽ ቀለላት፣ ግን ያቋረጣት አንዴ ብቻ ነው።

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

ስትጨርስ አባቷ ፎጣውን ከጉልበቱ አነሳ።

«እንግዲያውስ...» አለና ቀረ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እሷም እንዲጨርሰው አልፈለገችም።

ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለብኝ» አለ። «አንዱ በዝናብ ያረፈድኩ ቀን፣ አንዱ በረዶው የቀለጠብኝ ቀን። የሦስተኛው ቀን ስንብት ነው። ሰው ጭኗል፣ ናሙና ጥሏል፣ ዋሽቷል። ይሄን ጽፈው ካባረሩኝ ማን ነው ከእንግዲህ ሳጥን የሚያስይዘኝ?»

ልጅቷ አባቷ ሥራ የፈታባቸውን ስምንት ወራት ታስታውሳለች። በየማለዳው ተነስቶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ የትም የማትሄደውን ሞተር ያጥብ ነበር። ጎረቤት ሲያልፍ «ልወጣ ነው» ይላል። እሱ ሲያጥባት እሷ ከመስኮት ላለማየት መጋረጃውን ትዘጋ ነበር።

«እኔ ነኝ እንቅልፍ የጣለኝ» አለች። «የለጠፍኩትም እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ። ደብዳቤው በአንቺ ስም አይመጣም።»

እውነት ነው። የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ስምንት ከሩብ አልፏል። አንዲት እናት አሁን ኮሪደር ላይ ናት። አንድ ስልሳ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሰው የሆነ ቦታ ተቀምጠው የራሳቸውን ዜና ይጠብቃሉ፤ ሊነበብላቸው ያለው የልጅ ዜና ሊሆን ይችላል።

በር አጠገብ ተቀመጠችና የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና አጠበቀች። ቀስ ብላ አሰረች። አንድ «ቁጭ በይ» ይበቃት ነበር። አባቷ ካለ ትቀመጣለች፤ በሕይወቷ እምቢ ብላው አታውቅም። እንዲያውም ይበለኝ ብላ ጠበቀች። ግራውን ጨረሰች። ቀኙን ጨረሰች። አላለም።

ስትነሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

«የት ነው?» አላት፣ እያወቀ።

«መስኮት ሁለት።»

ትከሻው አንዴ ከፍ ብሎ ወረደ።

«በገበያው በኩል አቋርጪ። በትልቁ መንገድ ከሄድሽ ዘጠኝ ሰዓት ያልፍብሻል።» ድምፁ ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ስሜን አትጥሪ፤ በስም አያውቁንም። ሞተረኛ ቁጥር ሠላሳ አራት በያቸው።»

በሩን ስትዘጋ ወደ ኋላ አላየችም።

ላብራቶሪው ስትደርስ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ነበር። መስኮት ሁለት ፊት ሰልፉ እስከ ደረጃው ወርዷል። ከመስታወቱ ወዲያ ጓንት ያጠለቀች ሴት ወረቀት እያጠፈች ፖስታ ውስጥ ትከታለች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ልጅቷ የአውቶቡስ ወረፋዋን ሲነጥቋት እንኳ ዝም የምትል ነች። የሰልፉን ጭራ አየችው። ከዚያ ሰዉን በጎን አልፋ መራመድ ጀመረች።

«አንቺ ልጅ! ወረፋ አለ እኮ!» አለ አንድ ጎልማሳ።

«አያፍሩም የዛሬ ልጆች» አለች ሌላዋ።

«አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም። መስታወቱን አንኳኳች።

ሴትዮዋ ቀና አላለችም።

ልጅቷ ደግማ፣ ጠንከር አድርጋ አንኳኳች።