የሌሺን ጫማ ያወቀው ሰው

መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን ጮኼበታለሁ።

በዋርሶ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ዓውደ ርዕይ ላይ ነበር። ስምንት ወር ለፍቼ የቀረጽኩት የብር ሳንቲም ለእይታ ቀርቧል። ላዩ ላይ ያለው ሌሺ ነው፤ አያቶቻችን የጫካ ጌታ የሚሉት፣ ጢሙ ሣር የመሰለ ሽማግሌ። አንድ ረጅም ሰው መጣና ሳንቲሙን ከመያዣው አውጥቶ በባዶ ጣቱ ይዳብሰው ጀመር።

«ምን ማድረግዎ ነው? የጣት አሻራ እኮ ያበላሸዋል!»

ሰውየው ደንግጦ ቀና አለ። ዓይኖቹ ግን እኔን አላገኙኝም፤ ከኋላዬ ግድግዳውን ያያሉ። ነጩን ዘንግ ያየሁት ያኔ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ይቅርታ እመቤቴ። እገዛዋለሁ» አለ። ጣቱን ወደ ሳንቲሙ ግርጌ አወረደና ፈገግ አለ። «ግን የቀረጸው ሰው ተረቱን ያውቃል። የቀኙን ጫማ በግራ፣ የግራውን በቀኝ አድርጎለታል።»

ሌሺ ጫማውን አቀያይሮ ነው የሚያደርገው ይባላል። እኔ የቀረጽኩት ጫማ ግን ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። የሳንቲም ማምረቻው አለቆቼ አላስተዋሉትም፤ ከገዙትም አንድ ሰው አላነሳልኝም።

«የቀረጽኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«እርስዎ?... እንግዲያው ቢጮሁብኝም ይገባኛል።»

ስሙ ቲሞን ነው። ሃያ ዓመት በቢያዎቪዬዛ ደን ጠባቂ ነበር። በሕመም ዓይኑን ካጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። «ጫካውን ማየት ሲቀርብኝ በብር ላይ ፍለጋ ጀመርኩ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መደዋወል ጀመርን። ቀጣዩ ሳንቲሜ በተረት ወንዝ ውስጥ የምትኖረው ልጃገረድ ሩሳውካ ነበረች። ከብሩ በፊት በጄሶ የምሠራውን ትልቁን ሞዴል ይዤ መንደሩ ድረስ ሄድኩ። እህቱ ኒና የእንጉዳይ ሾርባ አቀረበችልን። እሱ ግን ሾርባውን ትቶ ጄሶውን ሲዳብስ ቆየ።

«ቆንጆ ናት። ግን ከውኃ አልወጣችም።»

«እንዴት?»

«እርጥብ ፀጉር አይበተንም፤ አንገት ላይ ይጣበቃል።»

እውነቱን ነበር። እንደገና ቀረጽኳት፤ ከሥራዎቼ ሁሉ የተወደደችልኝም እሷ ሆነች። ጄሶውን ያሳየሁት ቀን አውቶቡስ ጣቢያ ሲሸኘኝ፣ «ቦግና፣ አንተ በይኝ እንጂ። አንቱታው ሰለቸኝ» አለኝ። መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ስስቅ ሄድኩ።

ታኅሣሥ ላይ በረዶው ሲገባ ግን ድምፁ ተለወጠብኝ። አንድ ጠዋት ስደውል፣ «ሳንቲሞቹን ሸጫቸዋለሁ። ነገሩ ሰልችቶኛል። ከእንግዲህ አትደውዪልኝ» አለና ዘጋው።

አራት ወር አልደወልኩም። ሥራ እገባለሁ፤ መቅረጫዬን አነሳለሁ፤ እጄ አይታዘዘኝም።

ሚያዝያ ላይ ኒና ደወለች። «አንድም ሳንቲም አልሸጠም። ቀኑን ሙሉ ያንቺን ሲዳብስ ነው የሚውለው። እኔ ደክሞኛል፣ መጥተሽ አንድ ነገር በይው።»

በነጋታው ሄድኩ። ግቢ ውስጥ እንጨት ሲደረድር ደረስኩበት። እርምጃዬን አወቀው።

«ለምን መጣሽ?»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

እንጨቱን አስቀመጠ። «ፕራግ ለትልቅ ሥራ ጠርተውሽ እምቢ ማለትሽን አንድ የሳንቲም ነጋዴ ነገረኝ። በእኔ ምክንያት ነው ብዬ... ያን የመሰለ እጅ የዕውር ሰው ዘንግ ሆኖ ይቅር?»

«መቼ እንደጠሩኝስ ነግሮሃል?»

«አልነገረኝም።»

«ከመተዋወቃችን በፊት ነው፣ ቲሞን። የነገሥታት ፊት ብቻ ትቀርጫለሽ አሉኝ፣ ሌሺን ትቼ አልሄድም አልኩ። አንተ በወሬው ውስጥ የለህበትም።»

የእንጨቱ ክምር ላይ ቁጭ አለ። «እና አራት ወር ሙሉ የተሰቃየሁት...»

«በከንቱ ነው። እኔንም አሰቃየኸኝ።»

ኒና መስኮቱ ላይ ሆና ሳቋን ስታፍን ሰማኋት። እሱም መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ መሐል ላይ ግን ተሰበረ። ቀርቤ እጁን ያዝኩት።

«ሁለተኛ ለእኔ ብለህ የምትወስነው ነገር ካለ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ» አልኩት።

«እሺ። እንግዲያው አሁን አንድ ነገር ወስኛለሁ።»

«ምን?»

«ላገባሽ።»

«እሱም ለእኔ ብለህ ነው?»

«የለም» አለኝ፣ እጄን ሳይለቅ። «ይሄኛው ለራሴ ነው።»

ሰኔ ላይ ተጋባን።