ማን አረዳዎት?

የአቶ ተክለአብ ሞት የተሰማው መብራት በጠፋ በአምስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ልጃቸው ንዋይ እየተንሸራተተ ወደ ቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ገባና «አባዬ አይተነፍስም» ብሎ እደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ምድጃውን ከበው ይሞቁ የነበሩት የሀበሻ ሴቶች ዋይ አሉ፤ እንደ ወጉም ነጠላቸውን አውርደው አዘቀዘቁ፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው። አልታየሽም የራሷን አዘቅዝቃ የሟችን እህት እትዬ ወርቅዬን ዞር ብላ አየቻቸው። እሳቱ ላይ አፍጥጠዋል፤ እጃቸውን እንኳ አላነሱም። ድንጋጤ ነው አለች በልቧ።

መንደሪቱ በካርታ ላይ ለንደን ትባል እንጂ ከሂትሮው ኤርፖርት ባሻገር በማሳና በፈረስ ጋጣ መሀል የተወሸቀች ገጠር ናት። የወረደው ዝናብ መሬት ሲነካ በረዶ እየሆነ ዛፉን ገነደሰ፣ ሽቦውን በጠሰ፣ መንገዱን መስታወት አደረገው። ስልክ የለ፣ አምቡላንስ የለ፣ ፖሊስ የለ። እኛ አገር መብራት ሲጠፋ ሻማ ይፈለጋል፤ እዚህ ግን ሰውም አብሮ ይጠፋል።

የአቶ ተክለአብ ሳንባ ያለ ኦክስጅን አይሠራም። ኦክስጅን የሚሰጣቸው ማሽን በመብራት የሚሠራ ስለሆነ በኦክስጅን ሲሊንደር ቀጠሉ። ወደ አዳራሹ ይምጡ ቢባሉ ቤቴን ለበረዶ አልለቅም ብለው አሻፈረኝ አሉ። በየስምንት ሰዓቱ ሲሊንደሩን የምትቀይርላቸው ተንከባካቢያቸው መስቱራ ነበረች። አሁን የሲሊንደሩ መክፈቻ፣ ቫልቩ፣ ዝግ ሆኖ ተገኘ።

«መክፈት ረስታ ነው፤ ቼክ እንኳ አላደረገችም» አለ ንዋይ። «መንገድ ሲከፈት ለፖሊስም የምናገረው ይሄንኑ ነው።»

መስቱራ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ይህ ቃል ፖሊስ ጆሮ ከገባ ሥራዋም ነፃነቷም እንደማይተርፉ ታውቃለች። «ወላሂ ከፍቼዋለሁ» አለች ለአልታየሽ። «ግን ማን ያምነኛል?»

አልታየሽ ዛሬ ኤርፖርት ውስጥ የጽዳት ተቆጣጣሪ ናት። አዲስ አበባ ሳለች ግን አሥራ አንድ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ለእንጀራዋ ስትል በቃሏ የያዘች ሴት ናት። ሁለቱን አስከትላ ወደ ሟች ቤት ሄደች።

አቶ ተክለአብ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ቱቦው ከአፍንጫቸው አልወጣም፤ ዓይናቸው ተከድኗል።

«ዓይናቸውን የከደንከው አንተ ነህ?» አለችው ንዋይን።

«አልነካሁትም። ፈራሁ።»

ጎንበስ ብላ የሲሊንደሩን መለኪያ አየች። መርፌው ከሙሉው ሩብ ያህል ወርዷል። መስቱራን ጠየቀቻት፤ አንድ ሲሊንደር ስምንት ሰዓት ይቆያል፣ የቀየረችውም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

አዳራሽ ተመልሳ አንድ በአንድ ጠየቀች። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መስቱራ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ለሠላሳ ሰው ሾርባ ትቀዳ ነበር። ንዋይ ከፈረንጆቹ ጋር መንገድ ላይ የወደቀ ዛፍ ሲቆርጥ ስድስት ሰው አይቶታል። እትዬ ወርቅዬ ብርድ ልብስ ሊያመጡ ቤታቸው ሄደው ነበር። ብርድ ልብሱስ ስትላቸው፣ ረሳሁት አሉ።

አልታየሽ ሁሉንም ምድጃው ዙሪያ ሰበሰበች። እትዬ ወርቅዬን ትወዳቸዋለች።

«መስቱራ አልረሳችም» ብላ ጀመረች። «ረስታ ቢሆን ሲሊንደሩ ሙሉ ይሆን ነበር። ሩቡ አልቋል፤ የሁለት ሰዓት ትንፋሽ ማለት ነው። ስለዚህ አራት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ገብቶ ዘግቶታል። ያ ሰው እስኪሞቱ አጠገባቸው ቆይቶ ዓይናቸውን ከድኗል። ባዕድ ገድሎ ዓይን አይከድንም።»

ንዋይ ቀና አለ። አልታየሽ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«ንዋይ ሲነግረን ሁላችንም ነጠላችንን አወረድን። እርስዎ ግን እጅዎን አላነሱም። ድንጋጤ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ከውጭ ሲገቡም ጥለቱ አንገትዎ ላይ ነበር፤ ለብርድ የተከናነቡ መስሎኝ አልፌዋለሁ። ንዋይ የመጣው ከዚያ አንድ ሰዓት ቆይቶ ነው። ስልክ የለ፣ መንገደኛ የለ። እትዬ ወርቅዬ፣ ማን አረዳዎት?»

እትዬ ወርቅዬ አንድ እንጨት ወደ እሳቱ ገፉ። እንጨቱ ሲንጣጣ ይሰማል።

«እሱ፣ ወንድሜ ነው ያረዳኝ» አሉ። «ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ሱዳን ስደት ላይ ሳለን፣ የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት። የለንደን ቪዛ የመጣው ለእኔና ለሱ ብቻ ነበር። ልጄን ገዳሪፍ ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ካርቱም ድረስ ወጣሁ፤ ያለ ልጄ አልሄድም ብዬ አስቸገርኩት። ልጅሽ በወባ ሞተ አለኝ። እዬዬ እያልኩ ተከትዬው መጣሁ።»

ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙ።

«ዛሬ ብርድ ልብስ ሳልይዝ እሱን ልይ ብዬ ገባሁ። መሞቴ ነው ብሎ ተናዘዘልኝ። ልጄ ያን ጊዜ አልሞተም። ሃያ ዓመት በወንድሜ አድራሻ ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ ወንድሜ እያነበበ አቃጠለው። ልጄ የሞተው ገና አምና ነው አለኝ። ቫልቩን ስዘጋ ያየኛል፤ እጄን አልያዘኝም። ዓይኑንም እኔው ከደንኩለት፣ ወንድሜ ነዋ። ነጠላዬን ግን ለሱ አይደለም ያዘቀዘቅኩት።»

ንዋይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቆይቶ ተነሳና መስቱራ ፊት ቆመ። ይቅርታ ሊጠይቅ ጎንበስ ሲል እሷ ክንዱን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«የልጅዎ ስም ማን ነበር?» አለች አልታየሽ፤ ይህን የጠየቀችው ለምርመራው አልነበረም።

«ሰይፈሥላሴ።»

ፖሊስ የደረሰው በማግስቱ፣ መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሴቶቹ እትዬ ወርቅዬን መሀል አስቀምጠው ለሰይፈሥላሴ በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት። ለአቶ ተክለአብ ያለቀሰ ንዋይ ብቻ ነበር።