ንዝረቱ ሲቆም

«ተዘረጋ! ኤልዱ፣ እያየሽ ነው? ተዘረጋኮ!»

የኤልዳና አባት ዳኛቸው ዓይኑን እንደጨፈነ ነው የሚጮኸው። ኤልዳና ክንዱን አየችው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ታጥፎ የቀረው ቀኝ እጁ ትራሱ ላይ እንዳለ ነው፤ ጣቱ እንኳ ንቅንቅ አላለም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ፅጌ እንደ ፀጉር መቁረጫ ማሽን የሚነዝር መሣሪያ ክርኑ ጅማት ላይ ደግፋ ይዛለች።

«አየሁት፣ አባዬ» አለች ኤልዳና። ፊቱ እንዲህ ሲበራ ካየች ቆይታለች።

ከክሊኒኩ ሲወጡ ፅጌ ኤልዳናን ለብቻዋ ጠራቻት። «የኔ ቆንጆ፣ ጅማቱ ሲነዝር አንጎል ክንዱ የተዘረጋ ይመስለዋል። ስሜት ብቻ ነው። ይህን የምናደርገው አንጎላቸው እንቅስቃሴን እንዳይረሳ ነው። ለአባትሽም ነግሬያቸው ነበር፤ የሰሙኝ ግን አልመሰለኝም።»

«ይድናል?»

«እንሞክራለን» አለች ፅጌ።

ወደ ሰፈራቸው ወደ 18 ማዞሪያ የሚወስዳቸው ታክሲ ሾፌር የአባቷ የድሮ ባልደረባ ነበር። «ዳኙ፣ መሪው አልናፈቀህም?» አለው።

«በቅርቡ ማርሽ ስቀይር ታየኛለህ! ያኔ አንተን ረዳት አድርጌ እቀጥርሃለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ኤልዳና በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ቤት ሲደርሱ እናቷ ሙሉወርቅ «እጄ ተዘረጋ» ሲላት ሰምታ ለጸሎት ቡድኗ ደወለች። ብዙም ሳይቆይ ፓስተሩ ራሳቸው ደወሉ፤ «ወንድም ዳኛቸው እሁድ መድረክ ላይ ይመስክር» አሉ። ሙሉወርቅ ስልኩን እንደያዘች ተንበርክካ አለቀሰች። ኤልዳና አጎንብሳ አነሳቻት።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቷ መኝታ ቤት መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመድ ከበሩ ላይ ሰማችው።

«ቅዱሳን፣ ይህ እጅ ሞቶ ነበር። አሁን ግን ተዘርግቷል! ካላመናችሁ ልጄን ጠይቁ፤ በዓይኗ አይታለች።»

እጁን ሊዘረጋ ሞከረ። ትከሻው ብቻ ወደ ላይ ተነሳ። ደግሞ ሞከረ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ከዚያ በግራ እጁ ቀኙን ቀስ አድርጎ ዳበሰው።

«እሺ፣ ዛሬ ይለፍሽ» አላት እጁን። «ነገ ግን ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ።»

ኤልዳና ገብታ በሩን ዘጋች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።

«ና እስቲ ተቀመጥ፣ አባዬ።»

«ምነው፣ የዘለልኩት ነገር አለ?»

«አይ።» የታጠፈውን እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ያን ቀን ያየሁትን በትክክል ልንገርህ» አለችው።