ብርብራ ወይስ ዝናብ?

«ውሃ ውስጥ የተፈጠረ ዓሣ፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንዴት ትንፋሽ ያጥረዋል?»

እማማ ካሰች ዓሦቹ ሁሉ ካለቁበት የጓሮ ኩሬ ያወጡትን የሞተ ቆሮሶ ዓሣ ኮባ ቅጠል ላይ አጋድመው፣ እንደ ታመመ ሕፃን ያገላብጡታል። መልሱን አያውቁትም። የልጅ ልጃቸው ፀደንያ ግን ታውቀዋለች።

«ብርብራ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል» አለ አጎቷ ይርሳው ጋቢውን እያጣፋ። «ያ ጎረቤታችን ቢሆነኝ፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ እየበተነ፣ ዓሣ እያሰከረ ነው ያደገ። አሁን ዋርካው ሥር አውጫጭኝ ተጠርቷል። ሁሉም የሚያውቀውን ምሎ ይናገራል። ጥፋቱ እሱ ላይ ከወደቀ፣ በዚህ መንደር እሳት የሚጭርለት አይኖርም።»

ይህን ብሎ ወጣ።

የፀደንያ ስልክ ነዘረ። የቢሆነኝ እህት፣ የክፍል ጓደኛዋ ሀኒ መልእክት ልካለች። «ፀዲ፣ ብሮዬ ምንም አልነካም። ጨንቆናል ባክሽ።»

«እምዬ፣ ብርብራ አይደለም» አለች ፀደንያ። የዓሣውን መተንፈሻ ስንጥብ በጣቷ ገልጣ አሳየቻቸው፤ ወፍራም ልጋግ ለብሷል። «ጎርፉ ከእርሻው አፈር አሲድ ይዞ ኩሬው ገባ። አሲድ ሲበዛበት፣ በዓሣው ደም ውስጥ ያለው ጨው በስንጥቡ በኩል ሾልኮ ይወጣል። እሱም ከውሃው መልሶ ሊስበው ይታገላል። ስንጥቡ ራሱን ሊከላከል ልጋግ ያመነጫል፣ ልጋጉ ደግሞ ያፍነዋል። ኩሬው ላይ ኖራ ቢበተን ኖሮ አሲዱም ይበርድለት፣ ስንጥቡም ጨዉን እንዳያሾልክ ይጠብቅለት ነበር።»

«ኖራውንማ በትኛለሁ አላልሽም?»

ፀደንያ አንገቷን ደፋች። «ዋሽቼ ነው። ዝናቡን ፈርቼ ቀረሁ። ጆንያው እንደታሰረ ከበረቱ ኋላ አለ።»

አያቷ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁ። የሴት ልጅ ስም አንዴ ከጎደፈ ማን ያነጻዋል? እሱ ወንድ ነው፣ ትከሻው ይችለዋል።»

«ውሃ እንኳ አያቀብሉትም እኮ፣ እምዬ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው…» አሉ በሩን እንደያዙ። «ግን እኔ ያለ አንቺ ማን አለኝ? ደግሞ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ብርድ ይመታሻል። ተቀመጭ እስቲ፣ ልጄ።»

ከዋርካው በኩል የሰው ጫጫታ ይሰማል። አንድ ሰው የቢሆነኝን ስም ጠራ።

ፀደንያ ነጠላዋን ተከናነበች። አያቷ በሩን በክንዳቸው ዘግተው ቆመዋል። ክንዳቸውን ቀስ ብላ አነሣችና፣ ወደ ዋርካው አመራች።