በሁለት መኪና የተላከው መድኃኒት

«መጣ! የምናለ መኪና ነው!» ጸደንያ የሀያትን ክንድ ይዛ ጎተተቻት።

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ቀርተው ከጠዋት ጀምሮ የመካነ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ተጎልተዋል። የሀያት አባት አቶ አብዱራህማን ስኳር በሽታ አለባቸው፤ የጸደንያም ታናሽ ወንድም ገብረ ኢየሱስ እንዲሁ። ኢንሱሊን ከከተማው ከጠፋ ሰንብቷል። የሁለቱንም ቤት መድኃኒት ከደሴ የሚያመጣው ፈንታው የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነው። የእነሱን ብቻ መቼ ሆነና! የሱቁ ዕቃም፣ ከዓረብ አገር የተላከው ሻንጣም የሚመጣው በፈንታው ነው። አደራ በልቶ ስለማያውቅ ሰዉ ሌላ መላኪያ መፈለግ ትቷል። እናም መንገዱ ተዘግቶ ፈንታው አቀስታ ላይ ሲቀር ሁሉም ነገር አብሮት ቀረ። ስልኩም አይሠራም።

ሀያት ይህን ቀድማ ፈርታ ነበር። መንገዱ ሳይዘጋ፣ ደሴ ላለችው አክስቷ ደውላ፣ ሌላ ኢንሱሊን በሌላው ሹፌር በምናለ እንድትልክ ለምናታለች። የደወለችው ከእናቷ ተደብቃ ነው፤ እናቷ ብትሰማ «ፈንታው ይቀየመናል» ማለቷ አይቀርም። ምናለ በወረኢሉ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። «ሲደርስ ለወንድምሽ አካፍልሻለሁ» ብላም ለጸደንያ ቃል ገብታለች።

ጠዋት ጸደንያ «ለአባትሽ የቀረ አለ?» ስትላት ግን ሀያት «የለም» አለቻት። ዋሽታ ነው። ቤታቸው፣ እንዲቀዘቅዝ እርጥብ አሸዋ በሞላው ማሰሮ ውስጥ የተቀመጠ፣ ከግማሽ በታች የቀረው አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ አለ።

ምናለ ከመኪናው ወርዶ አቧራውን ሲያራግፍ ሀያት ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ ምናለ፣ አክስቴ የሰጠችዎት ዕቃስ?»

«የአብዱራህማን ልጅ ነሽ? እንዴ፣ አልደረሳችሁም? እኔኮ ለፈንታው ሰጠሁት!»

«ለማን?»

«ለፈንታው። ደሴ መናኸሪያ አገኘሁትና ‹ደንበኞችህ ናቸው› ብዬ አስረከብኩት። መሪ ያስጨበጠኝ እሱ ነው፤ አደራውን ብቀማው ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ቀድሞኝ ይደርሳል ብዬ...»

ሀያት መጮህ ፈለገች። ሁለት መንገድ አበጀሁ ብላ ነበር። ሁለቱም አንድ መኪና ውስጥ ገብተው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት ከመታው አበቃ፤ ነገ መንገዱ ቢከፈት እንኳ የሚደርሳቸው የተበላሸ ነው። ማንም ክፉ አልሠራም። ፈንታው ታማኝ፣ ምናለ ጨዋ። የምትቆጣው ሰው ማጣቷ ይበልጥ አንገበገባት።

«አብሽሪ» አለች ጸደንያ፤ ወዲያው ግን የወንድሟ ነገር ትዝ አላት። «ወይኔ ሀዩ፣ ስወጣ ውሃ ቢጠጣ ቢጠጣ አልረካ ብሎ ነበር። አሁን እማዬን ምን እላታለሁ?»

ሀያት መሬት መሬቱን አየች። የቀረው ለአባቷ የጥቂት ቀን ነው። ለሁለት ከተከፈለ በኋላ የሚሆነውን ልታስበው አልደፈረችም።

«ጸዲ፣ ዋሽቼሻለሁ። ትንሽ አለን።»

ጸደንያ ቀና ብላ አየቻት።

«ለሁለቱ አይበቃም። ለአንዱም አይበቃም። ሂጂና ወንድምሽን ወደኛ ቤት አምጪው» አለቻት ሀያት፤ አባቷንም ምን ብላ እንደምታስፈቅድ ሳታውቅ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።