ባዶ የተገፋ ዊልቸር

ከሚሪያ ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት ደረጃ ላይ ከወደቀች ዓመት ሊሆናት ነው። ሐኪሙ አጥንትሽ ደኅና ነው ብሏታል። ጉልበቷ ግን አልሰማ ብሎ ደረጃ በወረደች ቁጥር ያሠቃያታል።

የጉልበት ቅባት ፍለጋ ሸረፊያ ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት ተመላለሰች። ሻጩ ተውፊቅ የወሎ ልጅ ነው። መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ ጠየቃት፣ ቆይቶ ስለ ቤተሰቧ። በመጨረሻ ደሴ ላለው ወንድሟ ደውሎ አስፈቀደና «አግቢኝ» አላት።

ወደደችው። መውደዷ ነው ያስፈራት።

«ዕድሜ ልክህን እኔን ስትደግፍ ልትኖር? መካ ሄጄ ዑምራዬን በእግሬ ከጨረስኩ አገባሃለሁ። ዊልቸር ላይ ከተቀመጥኩ ግን፣ ኸላስ፣ እርሳኝ።»

«ሐኪሙስ?»

«ቀስ ብለሽ ከተራመድሽ አይጎዳሽም ብሎኛል።»

ተውፊቅ አልተከራከራትም። መካ ላይ ካዕባን ዞራ ጠዋፏን ጨርሳ ሰባቱን የሶፋና የመርዋ ኮረብቶች ምልልስ ስትጀምር ግን ባዶ ዊልቸር እየገፋ ከኋላዋ መጣ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ድንገት እኔ ከደከመኝ ብዬ ነው።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። ጉልበቷ መጀመሪያ ቆረጠማት፣ ኋላ እንደ እሳት ፈጃት። ግድግዳ ይዛ ስታርፍ ይቆማል፤ ስትነሣ ይከተላታል። አንዴም «ተቀመጪ» አላላትም። ለዚህ ዝምታው ከበፊቱ ይልቅ ወደደችው።

መርዋ ላይ አቅሟ አለቀ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ተሸነፍኩ፣ ተውፊቅ። ግማሽ ላይ ቀረሁ።»

«የምን ግማሽ?»

«ገና ሦስት ተኩል ነኝ። ሦስት ተኩል ይቀረኛል።»

ተውፊቅ ግራ ገብቶት አያት። «ከሶፋ መርዋ መምጣቱን ስንት ብለሽ ቆጠርሽው?»

«ግማሽ ነዋ! ደርሶ መልሱ አይደል እንዴ አንድ የሚባለው?»

«ኧረ አንቺ ልጅ! መሄዱ አንድ፣ መመለሱ ሌላ አንድ ነው። ሰባት ሞላልሽ። ጨርሰሻል እኮ!»

ከሚሪያ ዞር ብላ የመጣችበትን ረጅም መንገድ አየች። በእግሯ ነው የመጣችው፣ በዚያው በሚያማት እግሯ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች። ሰው ዞሮ ቢያያትም ግድ አልሰጣትም።

«እንግዲያው ያልሽኝን...» ሲል አቋረጠችው።

«ቆይ! ኢሕራም ላይ እያለሁ የጋብቻ ወሬ ክልክል ነው።»

ከቦርሳዋ መቀስ አውጥታ ከሻሿ ሥር ከፀጉሯ ጫፍ ቆረጥ አድርጋ ኢሕራሟን ፈታች። ከዚያ ወደ ዊልቸሩ ሄዳ እንደ ሙሽራ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«አሁን ለወንድሜ ደውልለት። እሺ ብላለች በለው።»

«ዊልቸር ላይ ከተቀመጥኩ እርሳኝ አላልሽም ነበር?»

«እሱማ ሳልጨርስ ነው። አሁን ጉልበቴን አሞኛል፤ ያላ፣ ግፋ!»